የመምሬ ጉንጭ

ባሌ ቄስ ነበር። በፊቱ እንደ ወጉ «መምሬ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በልቤ ግን፣ በተለይ ሲያናድደኝ፣ «አንተ» ነበር የምለው። እዚህም በልቤ እንደምጠራው እጽፋለሁ። ቢሰማ ይቆጣ ነበር፤ ግን ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የምፈራው ሰው የለኝም። ማንበብና መጻፉን ያገኘሁት ከአባቴ ነው፤ የድጓ መምህር ነበርና ከተማሪዎቹ ጀርባ አስቀምጦ ዳዊት አስደግሞኛል።

የምጽፈው ስለ ባሌ ጉንጭ ነው። የዚያን ጊዜ ነገር ሲነሳ ዘመዶቼ «እንዳንቺ ያለች ሚስት የት ትገኛለች» ይሉኛል። አያውቁም። እኔ ያንን ጊዜ ያሳለፍኩት እየተጸየፍኩ ነው። እየተጸየፍኩ አጠብኩት፣ እየተጸየፍኩ መገብኩት፣ ከጎኑ ስተኛም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬን ይዤ ነበር። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የምንኖረው ሰቆጣ፣ ከደብሩ ቅጥር ዝቅ ብሎ ነበር። ልጅ አልሰጠንም፤ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ነገሩ የተጀመረው በጥርስ ነው። የግራ መንጋጋው ታመመና በገበያ ቀን አንድ ጥርስ ነቃይ በጉጠት ነቀለው። ድዱ ግን አልሸረም። መጀመሪያ ጉንጩ ውስጥ ቆሎ የያዘ ይመስል ነበር፣ በዓመቱ እንቁላል የያዘ፤ በሁለተኛው ዓመት ፊቱ ሁሉ ወደ ግራ ተጎትቶ የዓይኑ ቆብ ሳይቀር ወደ ታች ወረደ። በጋለ ብረት አስተኮስነው። ከዝቋላ የመጣ መድኃኒተኛ ቅጠል ለጠፈበት፤ ቅጠሉ ቆዳውን ልጦ ይዞት ተነሳ። ጠበል ገባ፣ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ሰባት ሰባት ቀን።

በዚህ ሁሉ መካከል ቅዳሴ አላቋረጠም። የጥምጥሙን ጫፍ ጉንጩ ላይ ጣል አድርጎ ይገባና እንደ ጤነኛ ሰው ቀድሶ ይወጣል። ድምፁን ለመስማት ሰው ከደሃና ድረስ ይመጣል ይባል ነበር። የተጋነነ ነው፤ ግን ድምፅ ነበረው። እኔም ያገባሁት፣ አባቴ መረጠልኝ ቢባልም፣ በድምፁ ነው።

በሦስተኛው ዓመት በኅዳር እብጠቱ ፈነዳ። ጠዋት እንጀራ ሳቀርብለት ጉንጩ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ነበር፤ ወደ ማታ ላይ ነጥቡ ተቀዶ ቢጫ ነገር ወደ አንገቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልነበረም። ሽታው የሞተ እንስሳ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ አንድ ጣፋጭ ነገር ነበረበት፤ ያ ጣፋጩ ነው ከሁሉ የሚብሰው። ጨርቁን በቀን አምስት ጊዜ እቀይራለሁ፣ በአመድ ውሃ እቀቅላለሁ፣ ሽታው ግን አይለቅም። ዝንብ ከየት እንደምትመጣ አይታወቅም። ሊጠይቁን የሚመጡ ሴቶች ደጃፉ ላይ ቆመው «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ጨርቁ ላይ ነው፤ ጨርቁ ሲነሳ ለማየት ነው የመጡት። ከቅጥሩ ሲወጡ ምራቃቸውን እንትፍ ሲሉ እሰማ ነበር። እነሱንም ተጸየፍኳቸው።

የደብሩ አለቃ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ቤታችን መጥተው ከደጃፉ ሳይሆን ገብተው ተቀመጡ፤ ይህን አልክድባቸውም። ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ከመቅደስ እንዲርቅ ነገሩት። ሥርዓቱን እሱም ከእሳቸው እኩል ያውቀዋል፦ ቁስሉ የሚፈስ ሰው ወደ መቅደስ አይገባም። ሥጋውንና ደሙን የተቀበለ ሰው ደግሞ የዚያን ዕለት መትፋት እንኳ አይፈቀድለትም፤ ከአፉ ምንም እንዳይወጣ በነጠላው ሸፍኖ ነው የሚውለው። የባሌ አፍ ግን ሁለት ሆኖ ነበር፤ በአንዱ የገባው በሌላው ይወጣል። ስለዚህ መቀደሱ ይቅርና መቁረብም ተከለከለ።

እሱ አልተከራከረም። በአራተኛው ቀን ጨርቁን ስቀይርለት እጄን ይዞ፣ «እኔ የምፈልገው መዳን አይደለም። ይሄ ቀዳዳ ይዘጋልኝና አንድ ቀን ቆርቤ ልሙት» አለኝ።

እኔ የምፈልገው ሽታው ከቤቴ እንዲወጣ ነበር። አልነገርኩትም እንጂ ልቤ ውስጥ የነበረው ያ ነው።

ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ጨውና አቡጀዲ የሚነግድ ሙስሊም ጎረቤት ነበረን። እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከኮረም አሥመራ በመኪና ይመላለሳል። አፍንጫውን ሳይይዝ ከባሌ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እሱ ብቻ ነው። የአክስቱ ልጅ አንገት ላይ የነበረውን ከዚህ የሚበልጥ እጢ አሥመራ ያለ ጣሊያን ሐኪም ቆርጦ እንዳወጣው፣ የተቆረጠበትንም ቦታ በራሱ ቆዳ እንደደፈነው ነገረን። ባሌ መቆረጡን ሲሰማ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። መደፈኑን ሲሰማ ግን ቀና አለና እንደገና እንዲነግረው ጠየቀው።

ከጥምቀት በኋላ ከነጋዴው ጋር ተነሳን። እስከ ኮረም በበቅሎ ሦስት ቀን ፈጀብን፤ እኔ ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን እየመረጥኩ ነበር የምራመደው። አውቶቡሱ ላይ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዷ ሴት አስመለሳት፤ ሌላው ይውረዱልን ብሎ ሾፌሩን ያዘ። ነጋዴው ጎረቤታችን ተነስቶ፣ ሰውዬው ቄስ እንደሆነና እነሱም የሚሳለሙት መስቀል በእጁ እንዳለ በትግርኛ ሲነግራቸው ዝም አሉ። እስላም ሆኖ ስለ መስቀል የነገራቸው ነገር አሳፈራቸው መሰለኝ። የመጨረሻው ወንበር ላይ መስኮት ከፍተን አሥመራ ገባን፤ ነጋዴውም ሆስፒታሉ በር ድረስ አድርሶን ወደ ንግዱ ሄደ።

ሐኪሙ ራሰ በራ፣ ረጃጅም ጣት ያለው ሰው ነበር። አስተርጓሚያችን ነርሷ ናት፤ አማርኛዋ በትግርኛ የተቀመመ፣ ቁጡ ግን ደግ ሴት። ሐኪሙ ጨርቁን አንስቶ ጣቱን ጉንጩ ውስጥ አስገባና ሸማ እንደሚመርጥ ገበያተኛ ወዲያ ወዲህ እያለ አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልቻልኩትን ይህ ሰው በአንድ ደቂቃ ሲያደርገው ሳይ ቀናሁበት።

ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ሣለ። የግራ መንጋጋ አጥንቱ ከነቆዳው ይወጣል። ከደረቱ ቆዳ ይገሸለጥና ተጠቅልሎ፣ አንዱ ጫፉ ከደረቱ ሳይለይ ሌላው ጫፍ ጉንጩ ላይ ይሰፋል። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ሆኖ ይቆያል፤ ቆዳው ከጉንጩ ደም መጠጣት ሲለምድ ከደረቱ ይቆረጣል። በእነዚህ ሳምንታት አንገቱን ጎንበስ ማድረግ የለበትም፤ ጎንበስ ካለ ይቀደዳል። ይህ ሰውዬ አብዷል አልኩ በልቤ። ባሌ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ይዘጋል ወይ? ነርሷ ይዘጋል አለችው፤ አንገትህን ከጠበቅህ። ለቄስ «አንተ» ማለቷ ከነከነኝ፤ እሱ ግን ፈገግ አለላት።

እስኪመረመርና ደም እስኪዘጋጅለት ብዙ ቆየን። ሐኪሙ የቀደደው በዐቢይ ጾም፣ በገብር ኄር ማግስት ሰኞ ነው። የወጣውን ነገር ካላየሁ ብዬ ነርሷን አስቸገርኳት። እኛ አገር ከሰው አካል የተቆረጠ ነገር ተከፍኖ ይቀበራል እንጂ የትም አይጣልም፤ እንድቀብረው እንድትሰጠኝ ፈልጌ ነበር። በቆርቆሮ ሳህን አመጣችልኝ። ሥጋው ነጭና ግራጫ፣ እንደ ተበላሸ አይብ ፍርፍር ያለ ነው። አጥንቱ ውስጥ ሦስት ጥርሶች ቀጥ ብለው እንደተተከሉ ነበሩ፤ ጥርሶቹን አወቅኳቸው። ሲስቅ የማያቸው ጥርሶች ናቸው። መቅበሩን ረስቼ ወደ ውጭ ሮጥኩና ግድግዳው ሥር አስመለሰኝ። ነርሷ በኋላ ሆስፒታሉ እንደሚቀብረው ነገረችኝ፤ አላመንኳትም፣ ግን መልሼ አልጠየቅኩም።

እሱን ሳየው ደግሞ ባሰ። ከደረቱ የተነሳ የሥጋ ጥቅልል በአንገቱ ጎን ወጥቶ ጉንጩ ላይ ተሰፍቷል። የእንስራ እጀታ ይመስላል፤ ሰው እጀታ አውጥቶ አየሁ። የደረቱ ፀጉር በላዩ ላይ አለ። ስነካው ይሞቃል፤ ልብ እንዳለው ነገር ከውስጥ ይመታል። በየሰዓቱ ለብ ባለ ጨው ውሃ በጥጥ እንድጠርገው ታዘዝኩ። ከደረቱ የተገሸለጠበት ቦታ እርጥብ ቀይ ሥጋ ነው፤ ከአፉ ጥግ ደም የቀላቀለ ምራቅ ይወርዳል። ስጠርግ እስትንፋሴን እይዛለሁ፣ ጨርሼ ወደ መስኮቱ ሄጄ እተነፍሳለሁ። እሱ ያያል። አፉ ታስሮ መናገር ስለማይችል በዓይኑ ብቻ ያያል።

አሁን የምናገረውን ንስሐ አባቴ ያውቁታል፤ ሌላ ሰው ግን አያውቅም። ምግቡ የሚገባው በአፍንጫው በተሰደደ ቀጭን ጎማ ነበር። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ካላገኘ ቆዳው አይይዝም አለ። ጾሙ የሁዳዴ፣ ሰውየው ቄስ። ነርሷ ወተቱን ስታቀርብ በእጁ ገፋው። በሰጠችው እርሳስም «ተልባ» ብሎ ጻፈልኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ተልባ አበጥብጬ ሰጠሁት፤ ነርሷ በሦስተኛው ቀን ቆዳው እየገረጣ መሆኑን አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ወተት ሰጠሁት። አንገቱን ማዞር ስለማይችል ከራስጌው ቆሜ የማፈሰውን አያይም፤ በአፍንጫ የገባ ነገር ደግሞ ምላስ አያውቀውም። «ተልባዎ ነው መምሬ» እያልኩ ለሁለት ሳምንት ያህል ወተት አፈሰስኩበት። ቆዳው ቀላ። እኔም ተልባ ባልኩ ቁጥር ከቁስሉ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

በጸሎተ ሐሙስ ነርሷ ገባችና በፊቱ፣ «ወተቱን ጨረሰ?» አለችኝ።

እርሳሱን አንስቶ «ምን ነበር?» ብሎ ጻፈ።

ልዋሽ እችል ነበር። ነርሷ የሌላ በሽተኛ ወተት ማለቷ ነው ብል ያምነኝ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር። «ወተት ነው መምሬ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወተት ነው» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ትራሱ ሥር አደረገና ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። ነርሷ ከአጠገቡ እንዳልለይ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሆስፒታሉ ብዙ ወደማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለመስገድ ነው ብዬ ነው የሄድኩት። እውነቱ ግን ከዚያ ሽታና ከዚያ ዓይን ለመሸሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ፤ ንጹሕ አየር እየተነፈስኩ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ በስቅለት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ኪርያላይሶን የሚል ድምፅ ከክፍሉ ሲወጣ ሰማሁ። ክፍሉ ውስጥ ስምንት በሽተኞች ነበሩ፤ ሁሉም ክርስቲያኖች። እግሩ የተቆረጠው በትራሱ ላይ ተደግፎ ይቀበላል፣ ሆዱ የተሰፋው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ይቀበላል። ባሌ በአልጋዎቹ መካከል ሲሚንቶው ላይ ይሰግዳል። በጠዋት ነው የጀመረው አሉኝ በኋላ። አንድም ሰው አላስቆመውም። ማን ያስቆመዋል? ቄስ በስቅለት ሲሰግድ ተው የሚል የት ይገኛል? እንዲያውም እንዳይሳሳት የአጠገቡ ሰው በመቁጠሪያ ይቆጥርለት ነበር። የዕለቱን ተረኛ ነርስ ደግሞ በሽተኞቹ ራሳቸው፣ ቄሱ ተኝተዋል እያሉ ከበሩ መልሰዋታል።

ፋሻው ተፈትቶ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥቅልሉ ከጉንጩ ግማሽ ተቀዶ፣ በጎነበሰ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ሲሚንቶው ላይ የግንባሩ ወዝና የጉንጩ ደም አንድ ላይ ተለውሷል። ቀና ሲል አየኝ። የወተቱን ዕዳ የሚያወራርድ ዓይን ነበር። ጮኼ ያዝኩት።

ሐኪሙ መልሶ ሰፋው፤ አልያዘም። በትንሣኤ ቀን የጥቅልሉ መልክ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ማክሰኞ ጠቆረ፤ ከዚያ ያ የቤታችን ሽታ፣ ያ ጣፋጩ፣ አሥመራ ድረስ ተከትሎን መጣ። ሐኪሙ ነርሷ ላይ ጮኸ፣ ነርሷ እኔ ላይ ጮኸች፣ እሱን ግን ማንም አልተቆጣውም። የሞተውን ቆዳ በመቀስ ሲቆርጡት አልጋው አጠገብ ነበርኩ። አላመመውም፤ የሞተ ነገር አያምም። እኔን ግን አንገሸገሸኝ። ያን ዕለት ትቼው ወደ አገሬ ልመለስ አስቤ ነበር። ልብሴን ሁሉ ቋጥሬ ነበር። ያስቀረኝ ፍቅር አይደለም፤ የኮረምን መንገድ ለብቻዬ አላውቀውም።

በግንቦት ሐኪሙ ሌላ ነገር አመጣ። የግንባሩን ቆዳ ገልብጦ ወደ ጉንጩ አወረደው፤ ባዶ የቀረውን ግንባሩን ከጭኑ በተላጠ ቆዳ ሸፈነው። ግንባሩ ጉንጩ ሆነ፣ ጭኑ ግንባሩ ሆነ። ያ የሚያማትብበት ግንባር እንደ ዶሮ ቆዳ ሻካራና ሐመር ሆኖ ቀረ፤ አገጩ ወደ ግራ ተሰበሰበ፤ ከአፉ በኩል ምላሱ ዳር ዳሩን ይታያል። ግን ያዘ። ሽታው ጠፋ። ከዕለታት አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምንም አለመሽተቱን አስተዋልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። የቀረው ከአገጩ በላይ፣ ስፌቱ የተገናኘበት ቦታ ላይ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ናት። በዓመቱ ተመለሱ፣ እዘጋታለሁ አለ ሐኪሙ። ባሌ ዓመት አልጠብቅም አለ፤ መናገር ጀምሮ ነበር፤ ቃላቱ ግማሽ በግማሽ ሆነው ይወጣሉ።

ክረምቱ ሳይዘጋን ሰቆጣ ገባን። ሰው ሁሉ ተደሰተ፤ በሩቅ ተደሰተ። ሕፃናት ሲያዩት ወደ እናታቸው ቀሚስ ይገባሉ። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል አለቃው ሦስት ካህናት ይዘው መጡና ቁስሉን ሊመረምሩ ተቀመጡ። አለቃው አንድ ዋንጫ ውሃ አስመጡ። ጠጡ አሉት።

አምስት ሰው ቁጭ ብለን አንድ ሰው ውሃ ሲጠጣ አየን። ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ ይታያል። መጀመሪያ ምንም የለም። ሁለተኛውን ሲጎነጭ ከቀዳዳዋ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ ቆየች፣ ከዚያ አገጩን ይዛ ወርዳ ቀሚሱ ላይ ወደቀች። ከካህናቱ አንዱ ፊቱን አዞረ። ያዞረው ከሀዘን እንዳልሆነ አወቅሁ፤ ያንን ፊት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለዓመታት ተሸክሜዋለሁ።

አለቃው ዋንጫውን ከእጁ ተቀብለው፣ አካል ጎድሏልና ቅዳሴው ይቅር አሉ። ቀጥለውም፣ «መቁረቡን ግን ከእግዚአብሔር ፊት የምከለክልዎ እኔ ማን ነኝ? ከአፍዎ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ ማድረግ ከቻሉ በፍልሰታ ይቁረቡ» አሉት።

ባሌ ወደ እኔ ነው የዞረው።

እንዴት እንደምደፍናት ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ጨርቅ ይጠጣል፣ ያስተላልፋል። ሊጥ ብል ጾም ያስፈታል። በመጨረሻ ከጧፍ የተረፈ ሰም በእጄ እያሞቅኩ፣ ከውስጥም ከውጭም ጠፍጠፍ ያለ፣ መሃሉ ቀጭን ነገር ሠራሁ። በየጠዋቱ ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ፣ አጥንት በሌለበት በዚያ ልስልስ ጎድጓዳ በኩል ከውስጥ አስተካክላለሁ። ውስጡ እርጥብ ነው፤ የግንባሩ ቆዳ አፉ ውስጥ ፀጉር ማብቀል ጀምሯል፤ ፀጉሩ ጣቴን ሲነካኝ ቋቅ ይለኛል። አንድ ቀን እንዲህ ቋቅ ሲለኝ አይቶ በዚያ በተጣመመ አፉ፣ «ወተቱን ያጠጣኝ እጅ ይሄ ነው?» አለኝ። ስለ ወተቱ የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እየሳቀ ነበር። ዝም ብለው አፍዎን ይክፈቱ አልኩት።

በውሃ ሞከርነው፤ ያዘ። አሥር ጊዜ ሞከርነው፤ አሥሩንም ያዘ።

የፍልሰታ ዕለት አለቃው ሰሙን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ በወንዶቹ በር አጠገብ እንድቆም ፈቀዱልኝ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። ቅዳሴው ረዥም ነው። ባሌ በሕዝቡ መሃል ቆሞ የራሱን ቅዳሴ ሌሎች ሲቀድሱ ይሰማል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያላሰብኩት ነገር የአፉን ሙቀት ነው። ከሌሊት ጀምሮ የገባ ሰም፣ ያን ያህል ሰዓት በሰው አፍ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ መካከል።

ተራው ደረሰ። ሥጋውን ተቀበለ፤ ደህና ዋጠ። ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀሉ አቀበለው። አፉን ዘጋ። ያኔ ሰሙ ከውጭ በኩል ቀስ ብሎ ሲጎብጥ አየሁ፤ ከሥሩም ቀጭን ቀይ መስመር ወጥታ ወደ አገጩ መውረድ ጀመረች።

እሱም ተሰማው። አልተንቀሳቀሰም። እጁን ቢያነሳ በእጁ ይነካዋል፤ ቢያጎነብስ መሬት ይወድቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከደሙ የወደቀ ቢኖር ካህን በምላሱ ያነሳዋል። ካህናቱ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አራት ናቸው። አለቃው ጽዋው አጠገብ ናቸው፣ ርቀት አለ። ከሦስቱ አንዱም ወደ ፊት አልመጣም። ያ ፊቱን ያዞረው ሰው አሁንም ፊቱን አዞረ። ሌላው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። የራሴን ፊት በእነሱ ላይ አየሁትና እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በሁለት እርምጃ ደረስኩ። እጄን ሳልሰድ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሴት በማትቆምበት በር ላይ፣ አፌን ከአገጩ ጀምሬ መስመሯን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ከንፈሬን ቀዳዳዋ ላይ ገጥሜ ያዝኩ። ሰሙ ለስልሶ አፌ ውስጥ ገባ። ምራቁ ነበረበት፤ ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል። ወይኑ ነበረበት። ከሥሩ ደግሞ ያ ጣፋጭ ነገር፣ ጠፋ ያልኩት፣ በጣም በትንሹ፣ ነበረበት። ሰሙንም ምራቁንም አንድ ላይ ዋጥኩት።

ባሌ ዓይኑን አልገለጠም፤ እንባው ግን በአዲሱ ጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር። አለቃው ቀስ እያሉ መጡና ነጠላዬን ራሳቸው አንስተው አፌ ላይ አደረጉልኝ።

«ወደ ሴቶቹ በር አትሂጂ» አሉኝ። «አንቺ ቆርበሻል።»

አብረን ወጣን፤ እሱ አፉን ሸፍኖ፣ እኔ አፌን ሸፍኜ። ቀኑ ገና ረፋድ ነበር። ጣዕሙ ምላሴ ላይ ነበር፤ በጥርሴ መሃል የሰም ቅንጣት ነበር፤ በየጥቂቱ ቋቅ ይለኝ ነበር። እስኪመሽ ድረስ ምራቄን እየዋጥኩ ዋልኩ።